ሲሙ የማን ነው? ስልኩስ በማን እጅ ነበር? የዲጂታል ማስረጃ ያለበት የወንጀል መዝገብ አያያዝ

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አንዲት እናት ሁለት ሙክት በ31,000 ብር ሸጡ። ገዢው ጥሩ የለበሰ፣ አንደበቱ የሚጥም ወጣት ነው። «እማማ፣ በዚህ ግርግር ጥሬ ብር ይዘው አይዙሩ፤ በቴሌብር ላስገባልዎት» አላቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ሰጡት፣ ነካ ነካ አድርጎ መለሰላቸው። ትንሽ ቆይቶ መልእክት ገባ። አጠገባቸው የቆመ ተማሪ አነበበላቸው፦ ከ127 ነው፣ 31,000 ብር ደርሶዎታል ይላል። ሙክቶቹ ተጫኑ። በማግስቱ ወኪል ጋ ሄደው «አውጣልኝ ልጄ» ሲሉ ሒሳባቸው ውስጥ ያለችው ያችው የድሮዋ 212 ብር ሆነች።

ልጁ ስልካቸውን በያዘባት ግማሽ ደቂቃ የራሱን ቁጥር «127» በሚል ስም መዝግቦባቸው ነበር። ከዚያ የቴሌብርን አጻጻፍ አስመስሎ ከራሱ ስልክ አጭር መልእክት ላከ። የሳቸው ስልክ ቁጥሩን ትቶ ስሙን አሳየ። ይኸው ነው።

ፖሊስ ቁጥሩን አገኘ፣ ሲሙ በማን ስም እንደወጣ አጣራ፣ ባለስሙን ያዘ። የተያዘው የቀን ሥራ እየሠራ የሚያድር የ22 ዓመት ልጅ ነው። ጠበቃው እኔ ነበርኩ። ልጁ እነዚያን በጎች በዓይኑ አላያቸውም።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ጠበቃ ከመሆኔ በፊት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ፣ ከሁለቱም ወንበር ተቀምጬ አይቼዋለሁ። በእኛ ሰሜን ሸዋ፣ ከአረርቲ እስከ መሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና እስከ ዓለም ከተማ፣ ስልክ ያልገባበት የወንጀል መዝገብ እያነሰ ሄዷል። ክስ አቅራቢም ሁኑ ተከላካይ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፍርድ የምትከተሉት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ መረጃ ከዚህ ሰው ጣት ጋር በምን ተያያዘ? ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

1. ስልኩ በተያዘ ሰዓት

በራሴ ከደረሰው ልጀምር። ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ አንዲት ተማሪ በቴሌግራም ዛቻ እየተላከባት መጣች። ተጠርጣሪው ተያዘ፣ ስልኩም ተያዘ። ስልኩን የተረከበው መርማሪ በቅን ልቦና ከፈተው፣ መልእክቶቹን አነበበ፣ የፈለጋቸውን ወደ ራሱ ስልክ ላከና አተማቸው። ኢንተርኔቱን ግን አላጠፋም። የዚያኑ ማታ ሌላ ሰው ከሌላ ስልክ በዚያው አካውንት ገብቶ ንግግሩን በሙሉ ከሁለቱም ወገን ደመሰሰው። ከልጅቷም ስልክ ጠፋ። ችሎት ስንቀርብ በእጄ የነበረው ወረቀት ብቻ ነው። የተከሳሽ ጠበቃ ተነስተው «ይህ ወረቀት የታተመው ከየትኛው ስልክ ነው?» አሉ። ከመርማሪው ስልክ ነበር። ተከሳሹ በነጻ ተሰናበተ። የዚያች ልጅ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ከመርማሪ ጋር የምትሠሩ ዐቃቤያነ ሕግ፣ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ስልኩ በርቶ ከተያዘ አይጠፋ፤ ጠፍቶ ከተያዘ አይከፈት። በርቶ ከሆነ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይደረግ፣ ከዚያም ዋይፋዩና ብሉቱዙ በእርግጥ መጥፋታቸው ለየብቻ ይታይ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ሆኖም ዋይፋዩን እንደበራ ይተወዋል። ቻርጀር ይሰካለት። በዚያች ሰዓት ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር በሌላ ካሜራ ፎቶ ይነሳ። ማን ነካው፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ነካ፣ ይጻፍ። አንድ መስመር ይበቃል።

ከተበዳይ ስልክ ላይ ደግሞ ምንም ነገር አታስደምስሱ። ስክሪንሾት ጥሩ ነው፣ ግን መነሻ ነው። ዛሬ የውሸት ንግግር የሚሠራ መተግበሪያ ማንም ያወርዳል። ፎቶም ሆነ ቪዲዮ በዋትሳፕ አታስልኩ፤ ዋትሳፕ ምስሉን ይጨምቀዋል፣ ከውስጡም የተነሳበትን ሰዓትና ቦታ የሚናገረውን ሜታዳታ ይገፈዋል። መላክ ግድ ከሆነ እንደ ፋይል ሆኖ ይላክ። ዋትሳፕ ላይ መልእክት ከ24 ሰዓት፣ ከ7 ቀን ወይም ከ90 ቀን በኋላ በራሱ እንዲጠፋ ማድረግ እንደሚቻልም አስታውሱ። ተበዳይ ጠዋት ከመጣ ከሰዓት በኋላ አትቅጠሩት።

ጠበቃ ከሆናችሁ ደንበኛችሁን መጀመሪያ ስታገኙት የምትጠይቁት እነዚህኑ ነው። ስልክህን ሲወስዱብህ በርቶ ነበር? ማን ከፈተው? የይለፍ ቁጥሩን አንተ ነህ የሰጠኸው? ስትሰጥ ማን ነበር? ምን አሉህ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ያለመናገር መብትና በግዳጅ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የማጣቱ ነገር አለ፣ እና የይለፍ ቁጥር በዱላ ወይም በዛቻ ከወጣ ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል። መልሱን የዚያኑ ቀን ጻፉት። ከ3 ወር በኋላ እሱም ይረሳዋል።

2. የትኛው ሕግ፣ የትኛው ችሎት

ስልክ ስላለበት ብቻ የኮምፒውተር ወንጀል አይሆንም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የራሱ ዝርዝር አለው፦ ያለፈቃድ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባት አንቀጽ 3፣ ማታለል አንቀጽ 10፣ በልጆች ላይ የሚፈጸመው አንቀጽ 12፣ ዛቻና ስም ማጥፋት አንቀጽ 13። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ላይ ያለው ተራው አታላይነት አለ።

የሙክቶቹን ነገር አስቡት። ሐሰተኛ መልእክት በስልክ ልኮ ነው ያታለለው፣ ስለዚህ አንቀጽ 10 ነው ማለት ይቻላል። ያታለለው ግን ፊት ለፊት ቆሞ በአንደበቱ ነው፣ መልእክቷ አጋዥ ናት፣ 692 ነው ማለትም ይቻላል። ይህ የወረቀት ላይ ልዩነት አይደለም። አዋጅ 958 የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣኑን የሰጠው ለፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80(2) ደግሞ የፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርቦ ይሠራል። ዐቃቤ ሕጉ አንቀጹን ሳያስብበት ከጻፈ መዝገቡ የተሳሳተ ችሎት ላይ ይወድቃል፣ እነዚያ እናት ደግሞ በየቀጠሮው ከገጠር በእግርና በመኪና እየተመላለሱ ስንት ወር ያባክናሉ። ጠበቃው የሥልጣን መቃወሚያውን በመጀመሪያው ቀጠሮ ያንሳ።

3. ከጊዜ ጋር የሚደረግ ሩጫ

መረጃ እንደ ገደል ማሚቶ ነው፣ ቶሎ ካልሰማችሁት የለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል (አንቀጽ 24)። የትራፊክ ዳታ ማለት ማን ለማን፣ መቼ፣ ከየት የሚለው ነው። የመልእክቱን ቃል አይጨምርም። ብዙ ወጣት ዐቃቤ ሕግ «ቴሌን እንጠይቅና የተጻፈውን ያምጣልን» ይላል። የጥሪና የመልእክት ዝርዝር መልእክት መላኩን ያሳያል፣ ምን እንደተባለ ግን የሚናገረው ስልኩ ነው።

መረጃው ሊጠፋ ይችላል የሚል በቂ ጥርጣሬ ካለ መርማሪው ለያዘው አካል «አቆይልኝ» የሚል የጽሑፍ ትዕዛዝ መስጠት ይችላል (አንቀጽ 30)። ለ3 ወር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሌላ 3 ወር ይራዘማል። ማቆየትና መስጠት ግን የተለያዩ ናቸው፤ መረጃውን ለመውሰድ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልጋል። የሚገርመኝ፣ አቆይልኝ የሚለው ደብዳቤ ተጽፎ ሁለተኛው ሳይጠየቅ 6 ወሩ የሚያልቅበት መዝገብ ብዙ ነው። ቀኑን የመዝገቡ ሽፋን ላይ በቀይ ጻፉት።

አካውንቱ የፌስቡክ ከሆነ ባለቤቱ ሜታ የሕግ አስከባሪ አካል ሲጠይቀው መረጃውን ለ90 ቀን ያቆያል። ከዚያ በኋላ ያለው የአገር ለአገር ትብብር ነው፣ በፌደራል በኩል ያልፋል፣ ረጅም ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣውን እየጠበቃችሁ አገር ውስጥ ያለውን አታስመልጡ።

ብርበራውም በማዘዣ ነው (አንቀጽ 32)። ጠበቆች፣ የማዘዣውን ቅጂ ጠይቁና ቃል በቃል አንብቡት። የትኛውን ቤት ይላል? የትኛውን ዕቃ? የወጣበት ቀን ስልኩ ከተያዘበት ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ?

4. ሲም፣ ስልክ፣ ሰው

ሦስቱን እንደ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ቁጠሯቸው። እያንዳንዱ ለየብቻ ይረጋገጥ።

ሲሙ በስም ይወጣል። ስሙ ግን ወረቀት ላይ ያለ ስም ነው። እኛ ጋ ባል በሚስት ስም፣ ልጅ በአባት ስም፣ ሠራተኛ በአሠሪ ስም የወጣ ሲም ይይዛል። አንድ ስልክ ለቤተሰቡ በሙሉ የሚያገለግልበት ቀበሌም አለ። ስለዚህ «ሲሙ በስሙ ነው» የሚለው ሐረግ ምርመራ ማስጀመሪያ ይሆናል እንጂ ሰው ማሰሪያ አይሆንም።

ስልኩ የራሱ መታወቂያ አለው፣ አይኤምኢአይ የሚባል 15 አሃዝ ቁጥር። *#06# ብትነኩ ይወጣል። ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ሁለት አይኤምኢአይ አለውና ሁለቱንም ጻፉ። ቴሌ ጋ የሚወጣው የጥሪ ዝርዝር ሲሙ በየትኛው አይኤምኢአይ ውስጥ ሆኖ እንደሠራና በየትኛው የኔትወርክ ማማ ሥር እንደነበር ያሳያል።

ያን የቀን ሠራተኛ ልጅ ያወጣው ይኸው ነው። ጣቢያ ላይ ሳነጋግረው «ጋሼ፣ ያ ሲም እኮ ከጠፋብኝ ቆየ» አለኝ። አላስዘጋውም ነበር። ቃሉን ብቻ ይዤ ብሄድ ማንም አያምነኝም። ዐቃቤ ሕጉን ቢሮው ሄጄ አነጋገርኩትና አንድ ነገር ለመንኩት፣ የሲሙን የ6 ወር ዝርዝር ከነአይኤምኢአዩ እንዲያስወጣ። ጥሩ ሰው ነበር፣ አስወጣ። ዝርዝሩ ሲመጣ ሲሙ ከበዓሉ 4 ወር በፊት ጀምሮ በሌላ ስልክ ውስጥ ነው የሚሠራው። ልጁ የያዘው ስልክ ደግሞ በሌላ ሲም፣ በዚያ ሰሞን ሸዋ ሮቢት ማማ ሥር ነው። እዚያ ሽንኩርት ሲለቅም ነበር። ሁለታችንም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ጎን ለጎን አቆምን፣ አንዱን መስመር በጣት እየተከተልን። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ የተገላቢጦሹን ጠየቀ፦ በዚህ በማይታወቀው አይኤምኢአይ ውስጥ ሌላ ሲም ገብቶ ያውቃል ወይ? ገብቷል። ምርመራው ወደ ትክክለኛው ሰው የዞረው በዚያች ጥያቄ ነው።

ይህን ስል አይኤምኢአይ የመጨረሻ ቃል ነው እያልኩ አይደለም። በሶፍትዌር ሊቀየር ይችላል፣ ርካሽ ስልኮች ላይ አንድ ቁጥር በብዙ ስልክ ላይ ተደጋግሞ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ማማም ሰፊ አካባቢ ይሸፍናል፣ በተለይ ገጠር። «በቤቱ ነበር» አይልም፣ «በዚያ አካባቢ ነበር» ይላል።

ሦስተኛው ሰው ነው። ስልኩን በዚያች ሰዓት ማን ያዘው? እዚህ ላይ ማሽን አይናገርም። የአጻጻፍ ለዛ፣ ከመልእክቱ በፊትና በኋላ የተደወለው ለማን ነው (ለእናቱ ደውሎ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው)፣ በስክሪን መቆለፊያው የማን አሻራ ተመዝግቧል፣ ያየ ምስክር አለ ወይ? እነዚህ ተደራርበው ነው ሰውን የሚያሳዩት። ዐቃቤ ሕግ ይህን ሦስተኛውን ዘሎ ከመጣ ጠበቃው ከዚያው ይግባ።

የአይፒ አድራሻ (መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ የሚታይበት ቁጥር) ያለበት መዝገብ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ ኢንተርኔቱ ላይ የሚታየውን አንድ አይፒ ይጋራሉ። ስለዚህ አይፒውና ቀኑ ብቻ አይበቃም፤ እስከ ሴኮንድ የሚደርስ ሰዓት፣ የሰዓት ቀጠናውና ከተጋሪዎቹ አንዱን ለመለየት የሚረዳው የፖርት ቁጥር ያስፈልጋል። እነዚህ ሳይኖሩ «አይፒው የሱ ነው» የሚል ደብዳቤ ብታዩ ጠይቁ።

5. ቀንና ሰዓት

የእኛ አገር መዝገብ ላይ ከሁሉም በላይ ስህተት የማየው እዚህ ነው። ምስክር በእኛ ሰዓት ይናገራል። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ያሳያል። ከቴሌግራም፣ ከጉግል፣ ከባንክ ሲስተም የሚወጣ ዝርዝር ደግሞ ብዙ ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው፣ ከእኛ አገር ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ። በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ አለ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2024፣ 22:40 ዩቲሲ ይላል እንበል። 3 ሰዓት ስትጨምሩ ጃንዋሪ 20፣ ከሌሊቱ 1:40 በፈረንጅ አቆጣጠር ይሆናል። በእኛ ከሌሊቱ 7:40 ነው። ቀኑስ? ብዙ ሰው ጃንዋሪ 19ን ጥር 11 ብሎ ለምዷል፣ ጥምቀት ስለሆነ። 2016 ግን ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ከሱ በፊት ያለው ጳጉሜን 6 ስለነበረች ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ዋለ። ስለዚህ ድርጊቱ የጥር 11 ሌሊት ነው፣ በአገሩ አነጋገር ለጥምቀት አጥቢያ። ምስክሩ ደግሞ «የከተራ ዕለት ሌሊት ነው» ቢል ልክ ነው፣ አልዋሸም፣ ለእሱ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ይህን ያልተረዳ ጠበቃ ምስክሩ የተጋጨ መስሎት ይደሰታል። ይህን ያልተረዳ ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ክሱ ላይ ጥር 10 ብሎ ጽፎ ተከሳሹ በዚያ ቀን ሌላ ቦታ መሆኑን ሲያስረዳበት ይደነግጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ዝርዝሩ እንዳለ፣ ሳይነካ። በሁለተኛው የአገራችን ሰዓት በፈረንጅ ቀን። በሦስተኛው በእኛ ቀንና ሰዓት፣ «ሌሊት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽት» የሚል ቃል ጨምራችሁ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 111 ክሱ ጊዜውን እንዲይዝ ያዛልና ከዚህ ሦስተኛ ዓምድ ቅዱ።

ስለ ባለ ቁልፍ ስልክ ደግሞ ይህን ጨምሩ። ባትሪዋ ወጥቶ ሲመለስ የብዙዎቹ ቀን ወደ ፋብሪካ ቀኗ ይመለሳል። የገባ አጭር መልእክት ላይ ያለው ሰዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኔትወርኩ የመጣ ነው። ስልኳ «2010» ብታሳይ መልእክቷ ውሸት ናት ለማለት አትቸኩሉ፣ ከቴሌ ዝርዝር ጋር አስተያዩት።

6. ቅጂው፣ ሀሹ፣ ርክክቡ

በየወረዳው ላብራቶሪ የለንም። አዋጁ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሲጠየቅ የቴክኒክ ድጋፍ እንዲሰጥ ስለሚል (አንቀጽ 23) ስልኩ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ይሄዳል። 130 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ መንገድ ላይ ስልኩ በማን ኪስ ነበር?

ስልኩ ኤንቨሎፕ ውስጥ ይግባ፣ ይታሸግ፣ ፊርማውና ማኅተሙ በማሸጊያው ላይ ተሻግሮ ይረፍ። የሰጠና የተቀበለ በየእርከኑ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት ይጻፍ። ኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ) ክፍል ያደረባቸው ሌሊቶች ጭምር።

ከዚያ ሀሽ። ዳኛ ፊት ስታስረዱ በእኛ ነገር አስረዱ። አንድ ኩንታል የምንጃር ጤፍ የሚመዝን፣ አንዲት ፍሬ ብትነሳ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ የሚለወጥ ሚዛን አስቡ። ሀሽ እንደዚያ ነው። ሻ 256 የሚባለው ስሌት ከማንኛውም ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያወጣል፤ ፋይሉ ላይ አንዲት ነጥብ ከተቀየረች ውጤቱ ሌላ ይሆናል። ባለሙያው መረጃውን ከስልኩ ሲቀዳ የቅጂው ሀሽ ይወጣና በቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ችሎት ሲቀርብ እንደገና ይወጣል፣ ሁለቱ ከገጠሙ ቅጂው አልተነካም። ጠበቆች ግን አንድ ስህተት እንዳትሠሩ፦ አንድ የበራ ስልክ ሁለት ጊዜ ቢቀዳ ሀሹ ላይገጥም ይችላል፣ ስልኩ በራሱ ሲሠራ ስለሚለወጥ። ያ ማጭበርበር አይደለም። የምትጠይቁት የአንዱ ቅጂ ሀሽ ከተቀዳበት ቀን እስከ ዛሬ ያው መሆኑን ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ሀሽ ጨርሶ ከሌለ ግን በደንብ ተጫኑ።

7. ችሎት

በኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ማስረጃውን ያቀረበ ሰው ትክክለኛነቱን የማስረዳት ሸክም አለበት (አንቀጽ 34)። ይህ ለጠበቃም ይሠራል፤ የመከላከያ ስክሪንሾት ይዛችሁ ስትመጡ እናንተም ትጠየቃላችሁ። ጉዳዩ ውስጥ ያልገባ ሦስተኛ ወገን በዕለት ሥራው የያዘው መዝገብ በሕጉ የተሻለ ቦታ አለው (አንቀጽ 36)። ለዚህ ነው በሙክቶቹ ጉዳይ ከሁሉ ጠንካራው ወረቀት «በዚያ ቀን ወደዚህ ሒሳብ የገባ ገንዘብ የለም» የሚለው የቴሌብር ማረጋገጫ የሆነው። እያንዳንዱ እውነተኛ ዝውውር የራሱ የግብይት ቁጥር አለው፤ የውሸቷ መልእክት ላይ ያለው ቁጥር ሲጣራ ከየትም አይገኝም።

ዐቃቤ ሕጎች፣ ምስክር ስታሰልፉ በመረጃው ጉዞ ቅደም ተከተል አሰልፉ። መጀመሪያ ተበዳይ፣ ቀጥሎ ስልኩን የተረከበው፣ ቀጥሎ ያጓጓዘው፣ ከዚያ ባለሙያው። ባለሙያውን አስቀድማችሁ አግኙትና ያለ ቴክኒክ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት። እናንተ ያልገባችሁ ነገር ለዳኛው አይገባም።

ጠበቆች፣ ባለሙያውን በመስቀለኛ ጥያቄ ለማዋረድ አትሞክሩ። አጫጭር ጥያቄ ጠይቁ። «ይህን ስልክ መጀመሪያ ያዩት በስንት ቀን ነው?» «ሲደርስዎት ታሽጎ ነበር?» «ከተያዘበት ቀን እስከ እርስዎ ድረስ ስንት ቀን አለፈ?» «በእነዚያ ቀናት ስልኩ ተከፍቶ እንደሆነ መዝገቡ ያሳያል?» «ይህን መልእክት የጻፈው ማን እንደሆነ ስልኩ ይናገራል?» የመጨረሻዋን ጥያቄ ሐቀኛ ባለሙያ «አይናገርም» ብሎ ይመልሳታል። እዚያ ላይ ተቀመጡ። አንድ ጥያቄ ጨምሬ ያበላሸሁባቸው ቀናት ነበሩ።

የአዋጁን አንቀጽ 37 ሁለታችሁም በደንብ አንብቡት። ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ነው ይልና ዐቃቤ ሕጉ መሠረታዊ ፍሬ ነገሮችን ካስረዳ በኋላ ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው ሸክሙን ወደ ተከሳሹ ሊያዞር ይችላል ይላል። እኔ በግሌ ይህ አንቀጽ በጣም ያሳስበኛል። የ22 ዓመት የቀን ሠራተኛ የቴሌን ዝርዝር ከየት ያመጣል? ጠበቃ ከሆናችሁ «መሠረታዊ ፍሬ ነገር» ሲባል ሲም፣ ስልክ እና ሰው ሦስቱም ናቸው ብላችሁ ተከራከሩ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) ላይ ያለውን ነጻ ሆኖ የመገመት መብት ይዛችሁ። ሦስተኛው ካልተረጋገጠ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መሠረት መከላከያ ሳይጠየቅ ይሰናበት በሉ። ዐቃቤ ሕግ ከሆናችሁ ደግሞ በዚህ አንቀጽ አትደገፉ፤ ሦስቱንም አስረድታችሁ ኑ።

8. የሰው ገመና ያለበት መዝገብ

የግል ፎቶዋ የተሰራጨባት ሴት መዝገብ ሲመጣ ፎቶውን በቢሮ ግሩፕ አትላላኩ። አታትሙ። ዳኛው በዝግ ችሎት እንዲያየው አመልክቱ፣ ክሱ ላይ ምስሉን በቃል ብቻ ግለጹት፣ ቅጂው ታሽጎ ይቀመጥ። የልጆች ከሆነ አንድ ተጨማሪ ቅጂ እንኳን በማንም እጅ እንዳይኖር አጥብቃችሁ ተቆጣጠሩ። ተከላካይ ጠበቃም ማስረጃውን የማየት መብት አለው፣ ግን ፍርድ ቤት ውስጥ ሆኖ ይየው እንጂ በፍላሽ ይዞ አይሂድ።

9. የስልኩ መመለስ

ይህን ሁሉም ይረሳዋል። የእነዚያ እናት ስልክ ኤግዚቢት ሆና ስትያዝ የልጆቻቸው ቁጥር በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ለሳምንታት ቢደውል ዝግ ነው፣ ደንግጦ ሥራውን ጥሎ መጣ። የተበዳይ ስልክ ከሆነ ቅጂው ተወስዶ፣ ሀሹ ተይዞ፣ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ በኋላ ስልኩ እንዲመለስ ለፍርድ ቤቱ ወዲያው አመልክቱ። ፍርድ እስኪሰጥ አትጠብቁ። ሲያዝ ደግሞ መርማሪው ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ አምስት ስድስት አስፈላጊ ቁጥሮችን በወረቀት ጽፎ ይስጣቸው። ሲነበብ ይነበብ እንጂ ምንም አይደምስስ፤ በተለይ «127» የምትለዋን ስም ከመቀዳቷ በፊት ማንም እንዳይነካት።